ሃርድ ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ይሠራል ወይ?

የዛሬው ትምህርት ከአንዲት እህት ጥያቄ የተነሣ ነው። ጥያቄዋ የእሷ ብቻ ስላልሆነ ለሁላችሁም ይጠቅማል ብለን አዘጋጀነው።

ይህች እህት በሰው አገር፣ በሰው ቤት አምስት ዓመት ሠርታለች። ኮንትራቷ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ሐሳቧ ወደ ደሴ ተመልሳ ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛና የጽሕፈት አገልግሎት መክፈት ነው። በቅርቡ ወንድሟ ደወለላት። አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ስምንት ኮምፒውተሮችን በርካሽ ሊሸጥ ነው፤ ነገር ግን የሁሉም ሃርድ ዲስክ ተነቅሎ ወጥቷል። ጎረቤት «ቆርቆሮ ነው የምትገዙት» አለ። ሻጩ ደግሞ «ያለ ዲስክም ይሠራል፣ በኔትወርክ ይነሣል» አለ። ታዲያ ማንን ትመን? በላቧ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ታውጣ ወይስ ትተው?

መልሱን በአጭሩ እንንገርሽ፤ ሁለቱም እውነቱን በግማሽ ነው የተናገሩት። ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር በእርግጥ ይሠራል። ግን ብቻውን አይሠራም። ዲስክ ያለው አንድ ጤነኛ ኮምፒውተር፣ ትክክለኛ ኬብልና የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ይህ ትምህርት እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ያሳይሻል። ኮምፒውተር ነክተሽ የማታውቂ ብትሆኚም አትፍሪ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ያልገባሽን ደግመሽ እዪው።

፩. ዲስኩ ለምን ይወጣል?

መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ኮምፒውተር ሲሸጡ ወይም በስጦታ ሲሰጡ ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩን ያወጣሉ። ምክንያቱም የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ የሠራተኞች ስም፣ የሒሳብ መዝገብ ሁሉ የተጻፈው በዲስኩ ላይ ነው። «ሰርዤዋለሁ» ቢባልም የተሰረዘውን መልሶ የሚያወጣ ባለሙያ አይጠፋም። ስለዚህ ዲስኩ መውጣቱ ብቻውን ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ማሰቢያው፣ ራሙ፣ የኔትወርክ መሰኪያው፣ ስክሪኑ ደኅና ሊሆን ይችላል።

፪. ኮምፒውተር ሲበራ ምን ያደርጋል?

የማብሪያውን ቁልፍ ስትጫኚ ኮምፒውተሩ ገና ምንም አያውቅም። በእናት ሰሌዳው ላይ ያለች ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ትነቃለች። ይህች ፕሮግራም በድሮዎቹ ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ትባላለች። ሥራዋ ሁለት ነው። መጀመሪያ ዕቃዎቹ ሁሉ በቦታቸው መኖራቸውን ታያለች። ቀጥሎ «ዋናው ሥርዓት የት ነው ያለው?» ብላ ትፈልጋለች። ዋናው ሥርዓት ማለት ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው በሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩ ከሌለ ፍላሽ ላይ ትፈልጋለች። ፍላሽም ከሌለ፣ አንቺ ፈቅደሽላት ከሆነ፣ በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ከሌላ ኮምፒውተር ትጠይቃለች። በኔትወርክ መነሣት ማለት ይኸው ነው። ሥርዓቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ በበሩ ቁጥር ከእሱ እየተቀበሉ ይሠራሉ። ሥርዓቱን የሚያድለውን ሰርቨር እንለዋለን፤ የሚቀበሉትን ደግሞ ተቀባይ ኮምፒውተሮች እንበላቸው።

በሠፈር አንድ ምጣድ ብቻ ያለውን ቤት አስቢ። ጎረቤት ሁሉ እዚያ ይጋግራል፤ በየቤቱ ምጣድ አይገዛም። ነገር ግን ያ ምጣድ የተሰበረ ቀን የሠፈሩ ሰው ሁሉ ጦሙን ያድራል። ይህን ምሳሌ ያዢው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። ዲስክ በጣም ውድ በነበረበት በ1980ዎቹ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ዲስክ የሌላቸው የሥራ ኮምፒውተሮችን ይሸጥ ነበር። ዛሬ በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው የመነሻ ዘዴ ፒኤክስኢ ይባላል። ያወጣው ኢንቴል ነው፤ 2.1 የተባለው ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በተሠሩ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት ታገኚዋለሽ።

፫. በኔትወርክ ሲነሣ ምን ይሆናል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገርሽ ወጥተሽ አውሮፕላን ማረፊያ የደረስሽበትን ቀን አስታውሺ። ቋንቋው አይገባሽም፤ የት እንደምትሄጂ አታውቂም። ያለሽ ፓስፖርትሽና በላዩ የተጻፈው ቁጥር ነው። ዲስክ የሌለው ኮምፒውተርም ሲበራ እንደዚያው ነው። አካሄዱም እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ይጣራል። በኔትወርኩ ላሉት ሁሉ «እኔ እገሌ ነኝ፤ አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ይላል። «እገሌ» የሚለው በኔትወርክ ካርዱ ላይ ከፋብሪካ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ማክ አድራሻ ይባላል፤ 12 ምልክቶች ያሉት ሲሆን ሁለት ሁለት እየሆነ በስድስት ጥንድ ይጻፋል። እንደ ፓስፖርት ቁጥር ቁጠሪው።

ሁለተኛ፣ መልስ ያገኛል። ዲኤችሲፒ የሚባለው አገልግሎት «አድራሻህ ይህ ነው» ብሎ ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጠዋል። በቤት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው የዋይፋይ ሳጥኑ ነው። ለእኛ ሥራ ግን አንድ ተጨማሪ መልእክት ያስፈልጋል፤ ይኸውም «የመነሻውን ፋይል ከዚያ ሰርቨር ውሰድ፤ የፋይሉ ስም ይህ ነው» የሚል ነው።

ሦስተኛ፣ ፋይሉን ያመጣል። የሚያመጣበት መንገድ ቲኤፍቲፒ ይባላል። በጣም ቀላል ዘዴ ስለሆነ በትንሿ የመነሻ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። የይለፍ ቃል አይጠይቅም።

አራተኛ፣ የመጣችው ትንሽ ፋይል የሥርዓቱን እምብርት ታመጣለች። ይህ ከርነል ይባላል። ከእሱ ጋር የመጀመሪያ መሣሪያዎችን የያዘ ጥቅል አብሮ ይመጣል።

አምስተኛ፣ ከርነሉ ከነቃ በኋላ የቀረውን ትልቅ ሥርዓት በኤንኤፍኤስ አማካይነት ከሰርቨሩ ያነባል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያወርድም፤ የሚያስፈልገውን ብቻ፣ በሚያስፈልገው ሰዓት ያነባል።

ስድስተኛ፣ የመግቢያው ገጽ ይከፈታል። ተማሪዋ ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጽፋ ትገባለች። የምትጽፋቸው ሰነዶች በሰርቨሩ ላይ ባለው የራሷ ማኅደር ይቀመጣሉ። ስለዚህ ዛሬ በሦስተኛው ኮምፒውተር የጻፈችውን ነገ በስምንተኛው ላይ ታገኘዋለች።

፬. ምን ምን ያስፈልጋል?

• አንድ ሰርቨር። የግድ ዲስክ ሊኖረው ይገባል። ለስምንት ተቀባዮች 8 ጊጋባይት ራም ያለው ደኅና የጠረጴዛ ኮምፒውተር ይበቃል፤ ምክንያቱም በምናሳይሽ ዘዴ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት በየተቀባዩ ማሰቢያና ራም ነው። ሰርቨሩ ፋይል አዳይ ነው።

• ተቀባይ ኮምፒውተሮች። ማሰቢያቸው 64 ቢት መሆን አለበት። ኢንተርኔት ለመክፈትና ለመጻፍ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ቢኖራቸው ይመረጣል፤ 4 ቢሆን ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው።

• አንድ ስዊች። ብዙ የኬብል መሰኪያ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። ጊጋቢት የሚለውን ምረጪ፤ ምክንያቱን ኋላ በስሌት እናሳይሻለን። ለስምንት ተቀባይ፣ ለአንድ ሰርቨርና ለኢንተርኔት ሳጥኑ በድምሩ 10 መሰኪያ ስለሚያስፈልግ ባለ 16ቱን ግዢ።

• የኔትወርክ ኬብል። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ። በዋይፋይ ለማስነሣት አታስቢ፤ ፒኤክስኢ የተለመደው በኬብል ነው።

• ለሰርቨሩና ለስዊቹ አንድ ዩፒኤስ። መብራት ሲጠፋ ዲስክ የሌላቸው ኮምፒውተሮች የሚበላሽ ፋይል በላያቸው የለም። ሰርቨሩ ግን አለው። መብራት በድንገት ከሄደበት የሁሉም ሥራ ሊበላሽ ይችላል።

• ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነትና ኤልቲኤስፒ የሚባለው ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ኤልቲኤስፒ ከ1999 ጀምሮ ያለ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ አዲስ ተጽፏል። በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ይጠቀሙበታል።

፭. ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የሚመረመር

አንቺ እዚህ ነሽ፤ ዕቃው እዚያ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ወይም እህትሽ በሻጩ ፊት ስልኩን ከፍተው በቪዲዮ ያሳዩሽ። «አምነዋለሁ» ብለሽ አትተዪው፤ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይደለም። እነዚህን እያንዳንዳቸውን ይሞክሩ።

ሀ) የኤሌክትሪክ መምረጫው። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መምረጫ ሊኖር ይችላል። በአገራችን መብራት 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ተትቶ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል። ይህ ከማብራት በፊት ይታይ።

ለ) ማብራት። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣል? ያለማቋረጥ የሚጮህ ከሆነ ራሙ ወይም ሌላ ክፍሉ ችግር ሊኖረው ይችላል።

ሐ) የራሙ መጠንና የማሰቢያው ዓይነት። ልክ ሲበራ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ወደ ባዮስ ይገባል። ቁልፉ እንደየኮምፒውተሩ ይለያያል። እዚያ የራሙ መጠንና የማሰቢያው ስም ተጽፏል። የማሰቢያውን ስም ጻፊና 64 ቢት መሆኑን በስልክሽ ኢንተርኔት ላይ ፈልገሽ አረጋግጪ። ራሙ አብሮ ወጥቶ የተሸጠ ኮምፒውተርም ስለሚኖር ይህን አትርሺ።

መ) የኔትወርክ መነሻው። ይህ ዋናው ፈተና ነው፤ ደስ የሚለው ደግሞ ምንም ሰርቨር ሳይኖር መሞከር መቻሉ ነው። ሲበራ በብዙዎቹ ላይ ኤፍ12 ሲጫን የመነሻ ምርጫ ይመጣል። «ኔትወርክ» ወይም «ላን» የሚለው ይመረጥ። ከዚያ ኬብል ሳይሰካ ይሞከር፤ በአሮጌዎቹ ላይ ፒኤክስኢ ኢ61 የሚል ስህተት ይመጣል፤ «ኬብል የለም» ማለቱ ነው። ቀጥሎ ከዋይፋይ ሳጥን የመጣ ኬብል ተሰክቶ ይሞከር። አሁን ስህተቱ ወደ ኢ53 ከተለወጠ እልል በይ። አድራሻ ተሰጥቶታል፤ የመነሻ ፋይል ስም ግን አልተነገረውም ማለት ነው። ካርዱም፣ መሰኪያውም፣ ፒኤክስኢውም ይሠራሉ። በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ የስህተት ቁጥሩ ሊለይ ይችላል፤ መርሑ ግን ያው ነው።

ሠ) ትንሿ ባትሪ። በእናት ሰሌዳው ላይ ሲአር2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ከሆነ ባትሪዋ ሞታለች። ያን ጊዜ «በኔትወርክ ተነሣ» ብለሽ ያዘዝሽውንም ይረሳል። ባትሪዋ ርካሽ ስለሆነች ይህ ከግዢ አያስቀርሽም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይረዳሻል።

፮. አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ቀጥሎ ያሉትን ትዕዛዞች እንደ አነባበባቸው ነው የጻፍነው። በኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል፣ በትናንሹ ነው። የሚሠራልሽ ሰው ሊኑክስን ትንሽ የሚያውቅ ቢሆን ሥራው የአንድ ቀን ነው።

1. ሰርቨሩ ላይ ኡቡንቱ ይጫን። ሥርዓቱ፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስ፣ የኢንተርኔት መክፈቻው፣ የአማርኛ መጻፊያውና አቢሲኒካ የሚባለው የግዕዝ ፊደል ሁሉ በሰርቨሩ ላይ ይስተካከሉ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ሁሉ በተቀባዮቹ ላይ ይታያልና አንድ ጊዜ በደንብ ከተሠራ ስምንት ጊዜ መድከም የለም።

2. ኤልቲኤስፒ ይጫን። ከእሱ ጋር አብረውት የሚሠሩት ዲኤንኤስማስክ፣ የኤንኤፍኤስ ሰርቨርና ኦፕን ኤስኤስኤች ሰርቨር አብረው ይጫኑ። ኢፖፕቴስ የሚባለውንም ጨምሪ። አስተማሪዋ የተማሪዎቹን ስክሪን ከራሷ ወንበር የምታይበት ነው።

3. «ኤልቲኤስፒ ዲኤንኤስማስክ» የሚለው ትዕዛዝ ይሰጥ። ይህ በዋይፋይ ሳጥኑ ላይ ሳይደርስ የጎደለውን መልእክት ብቻ ይጨምራል። አድራሻውን ሳጥኑ ይሰጣል፤ የመነሻ ፋይሉን ስም ሰርቨሩ ይናገራል። ሁለቱም ተረዳድተው ይሠራሉ።

4. «ኤልቲኤስፒ ኢሜጅ» የሚለው ትዕዛዝ ከባዶ ቦታና ከአንዲት ያጋደለች ሰረዝ ጋር ይሰጥ። ይህ የሰርቨሩን ሥርዓት በሙሉ አጥብቦ በአንድ ፋይል ይቋጥራል። ተቀባዮቹ የሚያነቡት ይህን ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ቡና ማፍላት ይቻላል።

5. «ኤልቲኤስፒ አይፒኤክስኢ»፣ ከዚያ «ኤልቲኤስፒ ኤንኤፍኤስ»፣ በመጨረሻም «ኤልቲኤስፒ ኢኒትአርዲ» በየተራ ይሰጡ። የመጀመሪያው የመነሻ ምርጫውን ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው የተቋጠረውን ፋይል ለማንበብ በሩን ይከፍታል፤ ሦስተኛው የተጠቃሚዎቹን ስምና ማስተካከያዎቹን ለተቀባዮቹ ያዘጋጃል።

6. ለእያንዳንዷ ተማሪ ስምና የይለፍ ቃል በሰርቨሩ ላይ ይፈጠር። አዲስ ተማሪ በተጨመረች ቁጥር «ኤልቲኤስፒ ኢኒትአርዲ» ይደገም። አዲስ ፕሮግራም በተጫነ ቁጥር ደግሞ «ኤልቲኤስፒ ኢሜጅ» ይደገም። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በሰርቨሩ ላይ ያለ ፕሮግራም በተቀባዩ ላይ ከጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ይህ ይሁን።

7. በእያንዳንዱ ተቀባይ ባዮስ ውስጥ በኔትወርክ መነሣት ይፈቀድና ከመነሻዎቹ የመጀመሪያው ይደረግ። አዳዲሶቹ ላይ ሴኩር ቡት የሚባል መከላከያ አለ፤ ካስቸገረ ይጥፋ።

8. መጀመሪያ አንድ ተቀባይ ብቻ ይሞከር። እሱ በትክክል ሲነሣ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው ይሰካ። ስምንቱንም በአንድ ጊዜ የሰካ ሰው ችግሩ ከየትኛው እንደመጣ አያውቅም።

፯. እምቢ ሲል ምን ይደረግ?

የስህተት ጽሑፍ ስታዪ አትደንግጪ። የት እንደቆመ እየነገረሽ ነው።

ኢ61፦ ኬብሉ አልተሰካም ወይም ተበጥሷል። ሌላ ኬብል፣ ሌላ መሰኪያ ይሞከር።

ኢ51፦ ተጣርቶ መልስ አላገኘም። አድራሻ ሰጪው አልበራም፣ ወይም ስዊቹና ሳጥኑ አልተገናኙም።

ኢ53፦ አድራሻ አግኝቷል፤ የፋይል ስም አልተነገረውም። በሰርቨሩ ላይ ዲኤንኤስማስክ አልተነሣም ማለት ሊሆን ይችላል።

ኢ32፦ የፋይሉን ስም ሰምቷል፤ ሊወስድ ሄዶ በሩ ተዘግቶበታል። የሰርቨሩ መከላከያ ቲኤፍቲፒን ከልክሎ ይሆናል፣ ወይም የተነገረው የሰርቨር አድራሻ የተሳሳተ ነው።

ልብ በይ፦ ኢ61፣ ከዚያ ኢ51፣ ከዚያ ኢ53፣ ከዚያ ኢ32 እያለ ከሄደ ሥራው ወደፊት እየገፋ ነው። ስህተቱ በተለወጠ ቁጥር አንድ በር ተከፍቷል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህን ነገር በአሠሪሽ ቤት ኔትወርክ ላይ አትሞክሪ። በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት አድራሻ ሰጪ በስህተት ከተነሣ የቤቱ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል። ለመማር ብለሽ ያደረግሽው ወቀሳ እንዳያመጣብሽ፤ ልምምዱን በትምህርት ማእከል ወይም በአገርሽ አድርጊው።

፰. ፍጥነቱ ይበቃል ወይ?

እስኪ እናስላው። ለምሳሌ አንድ ኮምፒውተር ተነሥቶ የመግቢያው ገጽ እስኪመጣ 200 ሜጋባይት ያህል ያነባል እንበል። የሰርቨሩ ኬብል ባለ 100 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ያሳልፋል። ስምንቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ቢበሩ 8 ጊዜ 200፣ ማለት 1,600 ሜጋባይት ይፈልጋሉ። 1,600 ለ12.5 ሲካፈል 128 ሰከንድ፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ ነው።

ሰርቨሩና ስዊቹ ጊጋቢት ከሆኑ ግን በሰከንድ እስከ 125 ሜጋባይት ያልፋል። ያን ጊዜ ከሰርቨሩ የሚወጣው በ13 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ተቀባዮቹ አሮጌ ሆነው ባለ 100 ሜጋቢት ካርድ ቢኖራቸውም እያንዳንዱ 200 ሜጋባይቱን በ16 ሰከንድ ይቀበላል። በተግባር ከዚህ ትንሽ ይዘገያል። ቢሆንም ጊጋቢቱ ስዊች ገንዘቡን ይመልሳል ያልንሽ ለዚህ ነው።

፱. የማይሠራውንም እወቂ

ሻጭ የሚነግርሽ ጥቅሙን ብቻ ነው፤ እኛ ጉድለቱንም እንነግርሻለን። የምጣዱን ምሳሌ አስታውሺ። ሰርቨሩ ከታመመ ስምንቱም ይተኛሉ። ስለዚህ የተማሪዎቹ ሥራ በየሳምንቱ ወደ ሌላ የውጭ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል አይደር።

ሁለተኛ፣ ይህ ሊኑክስ ነው። ጽሑፍ፣ ሠንጠረዥ፣ ኢንተርኔት፣ ኢሜይል፣ የታይፕ ልምምድ በደንብ ይሠራል። ነገር ግን አገር ቤት የሒሳብ ሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ፒችትሪ ይጠይቃሉ፤ እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። በሠፈርሽ የሚፈለገው ሥልጠና ምን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቂ። ተማሪው የሚፈልገው ፒችትሪ ብቻ ከሆነ ዲስክ ገዝቶ ዊንዶውስ መጫን ይሻልሻል። የጎደለው ዲስክ ዋጋና የስዊቹ፣ የኬብሉ፣ የሰርቨሩ ዋጋ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተጽፎ ይነጻጸር።

፲. ምስጢርሽን ስለ መጠበቅ

ከዚህ ትምህርት ኮምፒውተር ለማትገዛውም እህት የሚጠቅም ነገር አለ። ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ነገር በራም ውስጥ ነው፤ ሲጠፋ ራሙ ባዶ ይሆናል። ይህ ማለት ግን ምስጢርሽ የትም አልቀረም ማለት አይደለም። በማኅደርሽ ያስቀመጥሽው በሰርቨሩ ላይ ይኖራል፤ የሰርቨሩም ኃላፊ ሊያየው ይችላል። የፓስፖርትሽን ፎቶ ወይም የውል ወረቀትሽን በጋራ ኮምፒውተር ከከፈትሽ ሥራሽን ስትጨርሺ ሰርዢው፤ ከዚያ ከኢሜይልሽም ከኮምፒውተሩም ውጪ። የሚሸጥ አሮጌ ስልክ ካለሽም የመሥሪያ ቤቱን ጥንቃቄ አስታውሺ፤ ሳታጸጂ ለሰው አትስጪ።

ለእህታችን ምን መለስንላት?

«አትግዢ» አላልናትም፤ «ግዢ» ብለንም አልገፋናትም። ለወንድሟ ከሀ እስከ ሠ ያለውን ዝርዝር እንድትልክለት ነገርናት። ሻጩ ፈተናውን ካልፈቀደ ገንዘቡ ከኪስ አይውጣ። ከፈቀደ ደግሞ ያለፉት ብቻ ተቆጥረው በቁጥራቸው ልክ ይከፈል። ወንድሟም ሞከራቸው፤ ከስምንቱ ስድስቱ ኢ53 አሉ። አንዱ ጭራሽ አልበራም። አንዱ ደግሞ በደኅና ኬብልም ኢ61 ከማለት አልወጣም። የስድስቱን ብቻ ሊከፍሉ ተስማሙ፤ ከተረፈው ገንዘብ ለሰርቨሩ የሚሆን ዲስክ ሊገዙ አስበዋል። ጎረቤቱ «ቆርቆሮ» ያለው ለሁለቱ ልክ ሆነ፤ ሻጩ «ይሠራል» ያለው ለስድስቱ ልክ ሆነ። ይህን የለየው ክርክር አልነበረም፤ ሙከራው ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

፩. ዲስኩ የወጣ ኮምፒውተር ሁሉ የተበላሸ ነው ማለት ይቻላል? ለምን?

፪. ተቀባዮቹ ዲስክ ባይኖራቸውም ዲስክ የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ኮምፒውተር ነው?

፫. ኬብል ከዋይፋይ ሳጥን ተሰክቶ ኢ53 ቢመጣ ምን ተረዳሽ?

፬. በሰርቨሩ ላይ አዲስ ፕሮግራም ጭነሽ በተቀባዮቹ ላይ ካልታየ የትኛውን ትዕዛዝ ትደግሚያለሽ?

፭. ስድስት ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው 200 ሜጋባይት ቢያነቡና የሰርቨሩ ኬብል ባለ 100 ሜጋቢት ቢሆን ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

መልስ፦ ፩. አይቻልም፤ ዲስኩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ምስጢር ለመጠበቅ ነው። ፪. ሰርቨሩ። ፫. የኔትወርክ ካርዱና ፒኤክስኢው እንደሚሠሩ፤ የጎደለው የመነሻ ፋይል የሚናገር ሰርቨር ብቻ እንደሆነ። ፬. «ኤልቲኤስፒ ኢሜጅ»። ፭. 1,200 ለ12.5 ሲካፈል 96 ሰከንድ።

ውድ እህታችን፣ ሁሉንም በአንድ ሌሊት መያዝ አይጠበቅብሽም። ይህን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ አገር ቤት ላለው ለምታምኚው ሰው ላኪለት። ሌሎቻችሁም ገንዘብ ልታወጡበት ያሰባችሁት ነገር ካለ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁን፤ አብረን እናየዋለን። እስከሚቀጥለው ትምህርት በሰላም ያቆይሽ።